በሚዛኑ ደብተር ጠርዝ

ኅዳር አሥራ አራት፣ ከሐይቁ ዳር፣ ማለዳ፤
ቆሮሶ ሃያ ስምንት ኪሎ፣ አምባዛ ስድስት፣
ሙሄ ጀማል፣ ከመረብ ብድር ቀሪ ዕዳ።
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ምንም በማይጻፍበት
በደብተሩ ጠርዝ፣ በእርሳስ፦
«ወፍ፣ አንድ። ሰባት መቶ ሰማንያ ግራም። ስሟ አልታወቀም።»

እኔ የማኅበሩ መዛኝ ነኝ፤
ከውኃ የወጣ ሁሉ በሚዛን ነው የሚገናኘኝ።

ከመረቡ ስናላቅቃት ክንፏን ዘርግታ፣
ጣቴን ነክሳ፣ የዋጠችውን ዓሣ ጫማዬ ላይ ተፍታ፣
«ወላሂ የኔ ቆሮሶ ነው!» አለ ሙሄ፣ «ከሒሳቤ ይደመር!»
ሰው ተሰበሰበ። ያኔ ተጀመረ የስም ነገር።

ጣቶቿ በቆዳ ቢያያዙ፣ አንዱ «ዳክዬ» አላት፤
የምንቃሯ ጫፍ ቆልመም ቢል፣ ሌላው «የለም፣ ጭልፊት።»
ዲያቆን ፍሥሐ ከገዳሙ ጀልባ ሳይወርድ፣
«ትናንት ደወል ቤቱ ላይ ነበረች» አለ፣
«ሴት ከሆነችስ፣ ሴት በማትገባበት ግቢ
ማንን አስፈቅዳ ገባች?»
ሳቁ ሐይቁን ተሻገረ።

መምህርት ዘይነባ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ አለች፤
መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ እንደ ሐኪም አየች።
«እግሯ ቢጫ። ጀርባዋ ዝናብ ያረገዘ ደመና።
የታችኛው ምንቃሯ ላይ፣ እዩ፣ ቀይ ነጥብ አለ፤
ጫጩት ያንን ነጥብ ካልቆረቆረ
የእናቱ ጉሮሮ አይከፈትም፣ ራት የለ።
ልጅ ሳለች ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ነበረች፤
በአራት ዓመት፣ ላባ እየጣለች፣
እዚህ መልክ ላይ ደረሰች።
ሴት ወንዱ በዓይን አይለይም፤ ዲያቆን፣ ፍርዱን አቆየው።
የባሕር ወፍ ናት። የጨዋማው ባሕር።
የኛ ሐይቅ ክረምቷን ማሳለፊያዋ ነው።»

«ከዚህ እስከ ባሕር?» አለ ሙሄ፣ «ያ ሁሉ በረሃ?
ጨዉን ጠጥታ እንዴት ትኖራለች?»
«ከዓይኗ በላይ ዕጢ አላት» አለች፣ «ጨው የሚያጣራ፤
የጠጣችውን ባሕር በአፍንጫዋ ታወርዳለች፣ ጠብ፣ ጠብ።
ጨው የሌለበት ውኃ ላይ ስትሰነብት ግን
ዕጢው ይሟሽሻል። ሥራ ፈትቶ ያርፋል።»

አያቴ ትዝ አለኝ።
ከአፋር አሞሌ አስጭኖ፣ ባቲን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ
ከንፈሩ በጨው ተሰንጥቆ፣ በቅሎውን ሳያራግፍ፣
በልብሱ እንዳለ እዚህ ይገባ ነበር፤
«ውኃን ጨው ተሸካሚ ይመስክር» ይል ነበር።

ሰው ዞር ሲልልኝ፣ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አስነክቼ
ቀመስኩ።
ምንም።
አልጫ።
ሰንብታለች ማለት ነው። አርፋለች።

እጄን ስከፍት አላመሰገነችም፤
በውኃው ላይ ሁለት ጊዜ ረግጣ
ወደ ገዳሙ አቅጣጫ ሄደች።
(ዲያቆኑ ፊቱን አዞረ።)

በጥር፣ ከደሴ ኦዲተር መጣ።
ሲደምር፣ ሲቀንስ፣ ገጽ ሲያገላብጥ ውሎ
«ሰባት መቶ ሰማንያ ግራም ገቢ ሆኗል፤ ወጪው የት አለ?
ተሸጠ? ተበላ? ተጣለ?»
ምን ልበለው? «በሮ ሄደ» ለሚባል ነገር
ደብተራችን ዓምድ የለው።

በመስኮት አሳየሁት፤ የዓሣ ሆድቃ በሚደፋበት
ዐሥር ይሆናሉ፣ ሲሻሙ፣ ሲሰዳደቡ፣
ሁሉም ቢጫ እግር፣ ሁሉም ደመና ጀርባ።
«የትኛዋ ናት?» አለኝ።

ስሟን ሳላውቅ እሷን አውቃት ነበር፤
ነክሳኛለች፣ ክብደቷን በግራም ይዣለሁ፤
አሁን ወገኗን አውቄ
እሷን ከእኅቶቿ መለየት አቃተኝ።

ዝም ስል፣ ኦዲተሩ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ፤
ከእርሳስ ጽሑፌ ግርጌ፣ በደብተሩ ጠርዝ፣
«ልዩነት፦ ወፍ፣ አንድ» ብሎ ጻፈና
ነጥብ አኖረበት።
ቀይ።